ውሻ ለነከሰው፣ ግመል ለረገጠው፦ የእንስሳት ባህርይ ባለሙያን ድሬዳዋ ችሎት ፊት ማቅረብ

«ውሻዬ ከዚህ በፊት ማንንም ነክሶ አያውቅም» የሚለው መከራከሪያ ባለቤቱን አያድነውም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 እንስሳው በድንገት አምልጦ ጉዳት ቢያደርስ እንኳ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። ስለዚህ ባለሙያ የሚቀርበው የውሻውን ጨዋነት እንዲመሰክር አይደለም። ገንዘብዎን በሦስት ነጥብ ላይ ብቻ ያውጡ። አንደኛው ጉዳቱን ያደረሰው የትኛው እንስሳ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ተጎጂው ራሱ ጥፋት አለበት ወይ የሚለው ነው፤ ካለበት በቁጥር 2086 መሠረት የባለቤቱ ኃላፊነት በሙሉ ወይም በከፊል ሊቀር ይችላል። ሦስተኛው የባለቤቱ ጥፋት ነው። ቁጥር 2073 ባለቤቱ የቤት እንስሳውን ለተጎጂው አስረክቦ ከኃላፊነት እንዲወጣ ይፈቅድለታል፤ ጥፋቱ የእሱ ከሆነ ግን ይህ በር ይዘጋበታል።

ከሁሉ በፊት ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ጎረቤት ተቆጥቶ ውሻውን እንዳይገድለው ይለምኑ። ውሻው ታስሮ ለ10 ቀን ለእብድ ውሻ በሽታ ይታያል፤ ባለሙያውም ባህርይውን የሚያጠናው በሕይወት ካገኘው ብቻ ነው።

ቁስሉን በስፌት ሳይዘጋ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው፣ ከላይ ቀጥ ብለው ፎቶ ያንሱ። የእንስሳት ሐኪምና የውሻ ባህርይ ባለሙያ የሆነው ኢያን ደንባር ባወጣው ባለ 6 ደረጃ የውሻ ንክሻ መለኪያ፣ በአንድ ንክሻ ከ1 እስከ 4 ቀዳዳ ኖሮ የትኛውም ከክራንቻው ግማሽ ካልጠለቀ 3ኛ ደረጃ ነው። ከግማሽ በላይ ከጠለቀ 4ኛ ይሆናል፤ ውሻው ይዞ እንደነቀነቀ የሚያሳይ መቀደድም አብሮ ሊታይ ይችላል። ፎቶው ትንሽ ውሻን ከተጠርጣሪነት ሊያወጣ ይችላል። ከሁለት እኩያ ውሾች አንዱን መለየት ግን አይችልም። ከፎቶ ብቻ ተነስቶ «ይሄኛው ነው» የሚል ባለሙያ መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ይወድቃል፤ ክሱንም ይዞት ይወድቃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ያለው ነው። ታስሮ የሚውል ውሻ በድሬዳዋ አሸዋማ ግቢ ውስጥ ሲመላለስ ክብ ይሠራል፤ ጠርዙ ላይ መሬቱ ተረግጦ ይደነድናል። ግቢው ሳይጠረግ በዚያው ቀን ያንሱትና ይለኩት። ሰንሰለቱ 3 ሜትር፣ ከአንገት ማሰሪያው እስከ አፍንጫው 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አፉ 3.3 ሜትር ይደርሳል። በሩ ከካስማው 3 ሜትር ላይ ካለ፣ በሩን ከፍቶ የገባ ሁሉ ሊነከስ ይችላል፤ ይህ የባለቤቱ ጥፋት ነው። መተላለፊያው 5 ሜትር ርቆ ሳለ የተነከሰው ሰው ክቡ ውስጥ ከነበረ ግን ጥያቄው ወደ እሱ ይዞራል። ልጅ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ሕፃን ክቡን አያውቅም፣ ባለሙያውም ይህን በግልጽ መጻፍ አለበት።

ባለሙያው ውሻውን ማለዳ ወይም ፀሐይ ከበረደች በኋላ፣ ሁለት ጊዜ፣ በቪዲዮ እየቀረጸ ይየው። እኩለ ቀን ላይ በሙቀት የሚያለከልክ ውሻ የተጨነቀ ይመስላልና ሪፖርቱን ያበላሻል። ተጎጂውን ውሻው ፊት ማቆም ፈጽሞ አይገባም። ቡችሎች ያላት እናት፣ አጥንት የያዘ ወይም ቁስል ያለበት ውሻ የሚናከስበት ምክንያት የተለያየ ነው፤ በዚያች ቀን ከእነዚህ የትኛው እንደነበረ ምስክር ይጠየቅ።

ግመል ላይ ነገሩ ይቀላል። ወንዱ የመራቢያ ወቅቱ ሲደርስ መብላት ይቀንሳል፣ አፉ አረፋ ይደፍቃል፣ ከማጅራቱ ጥቁር የሚሸት ፈሳሽ ይወርዳል፣ ቀይ ፊኛ የመሰለ ሥጋ በአፉ ጎን ይወጣል። ይህ ለቀናት የሚታይ ምልክት ነው። ይህን እያየ ግመሉን ያለ ጠባቂ ወደ ገበያ የለቀቀ ሰው «አላወቅሁም» ሊል አይችልም።

ባለሙያ ሲፈልጉ ቅርብ ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው። ማዕረጉን ብቻ ሳይሆን በዚያው የእንስሳ ዓይነት ላይ ስንት ዓመት እንደሠራ ይጠይቁ። ስሙን ከአቤቱታው ወይም ከመልሱ ጋር በሚያያዘው የማስረጃ ዝርዝር ያስገቡ፤ ወይም ፍርድ ቤቱ ራሱ እንዲመድብ ያመልክቱ። «ውሻው ክፉ ነው ወይ?» ብለው አይጠይቁት። «በሩ ሲከፈት ሰንሰለቱ ወደ ገባው ሰው ያደርሰዋል ወይ?» ብለው ይጠይቁት። ማን ካሳ ይክፈል የሚለው የዳኛው ሥራ ነውና ሪፖርቱ ውስጥ ከገባ ያስወጡት።

ሪፖርቱ በአማርኛ ይጻፍ፣ ያላየውንም ነገር አላየሁም ይበል። ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (ቁጥር 2143)፤ የግቢው ክብ ግን ከሚቀጥለው ጠረጋ ላያልፍ ይችላል።