የእንግሊዝ ቢተር (መረር የሚል የእንግሊዝ ቢራ) ቤታችሁ ለምትጠምቁ

ገንዘባችሁን መጀመሪያ ብቅሉ ላይ አውጡ። ማሪስ ኦተር ከሚባለው የእንግሊዝ ገብስ የተሠራው ትንሽ ይወደዳል፤ ግን ያ ብስኩት ብስኩት የሚል ጣዕም የሚመጣው ከእሱ ነው። ለ20 ሊትር 3.5 ኪሎ ገደማ ይበቃል። ክሪስታል ብቅል (ቀለምና ጣፋጭነት የሚሰጥ ብቅል) 200 ግራም ጨምሩና ተዉት፤ ከበዛ ከረሜላ ይሆናል።

ሆፕሱ (ቢራውን የሚያመርረውና መዓዛ የሚሰጠው አበባ) ፈግል ወይም ኢስት ኬንት ጎልዲንግስ የሚባለው የእንግሊዝ ዓይነት ይሁን። ሲትራን የመሳሰሉት የአሜሪካ ሆፕሶች ግሩም ናቸው፣ ግን የሚወጣው ሌላ ቢራ ነው። (ጌሾ ይተካዋል ወይ ለምትሉ፦ አይተካም፣ ወደ ጠላ ነው የሚወስዳችሁ።)

እርሾውም የእንግሊዝ ኤል (ሞቅ ባለ ቦታ የሚፈላ የቢራ ዓይነት) እርሾ ይሁን፤ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ላይ አቆዩት። የቧንቧ ውሃችሁ ክሎሪን ካለው ደግሞ ግማሽ የካምደን እንክብል (ክሎሪን የሚያጠፋ የጠመቃ እንክብል) ፈጭታችሁ ጨምሩበት፤ አለዚያ ቢራው መድኃኒት መድኃኒት ይላል።