አህያዋ ለምን ትሰብካለች? ጦርነትን በእንስሳ ጉዞ ለልጆች ስንተርክ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ ለልጆች መጻፍ የጀመሩ ወጣቶች ረቂቃቸውን እንዳነብላቸው ያመጡልኛል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አብዛኛው ረቂቅ ጦርነት ያለበት ነው። ምን ያስገርማል? እዚህ የሚያድግ ልጅ የተኩስ ድምፅ ለይቶ ያውቃል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አይቷል። መንገድ ተዘግቶ አባቱ ሳይመጣ ሲያመሽ የእናቱን ፊት አይቷል። ጸሐፊዎቹም ይህ ለልጅ እንዴት ይነገራል ብለው ሲጨነቁ እንስሳ ይመርጣሉ። አህያ፣ ውሻ፣ በቅሎ፣ አንዳንዴ ሽመላ።

ምርጫው ጥሩ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። እንስሳ ጦርነቱን ማን እንደጀመረው አያውቅም። የሚያውቀው ረሃቡን፣ ጌታውን፣ የለመደውን መንገድና የሚያስደነግጠውን ድምፅ ነው። የስምንት ዓመት ልጅም የሚያውቀው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልጁና እንስሳው የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ከታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

እንስሳውን ሰባኪ ማድረግ

ይሄኛው በጣም ስለሚያሳዝነኝ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ረቂቁ ጥሩ ይጀምራል። የአህያዋ ቤት ተቃጥሏል፣ ጌቶቿ ተበታትነዋል፣ ብቻዋን መንገድ ትጀምራለች። ልብ ይሰቀላል። ከዚያ ዓባይ ዳር ትደርስና ቆም ብላ «ወገኖቼ፣ ጦርነት ለማንም አይበጅም፤ ልዩነታችንን በውይይት እንፍታ» ትላለች። ፍየሏ ትስማማለች። ጅቡ ይጸጸታል። ታሪኩ እዚያው አለቀለት። አህያዋ ይህን ከየት ሰማችው? የተናገረው ጸሐፊው ነው። ልጆች ደግሞ ይህን ለማወቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃቸዋል።

ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ሁላችንም «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እያልን ነው ያደግነው። ከአያቶቻችን ሌላ አባባ ተስፋዬም በቴሌቪዥን ተረት እየነገሩ ጆሯችንን አስለምደውናል። ተረት ውስጥ ጅብ ያወራል፣ ጦጣ ትፈርዳለች፣ አህያ ትከራከራለች። ማንም «እንዴት?» አይልም፤ የተረቱ ጅብ ሆዳም ሰው ነው፣ ጦጣዋም ብልጥ ሰው ናት። የጉዞ ታሪክ ግን ሌላ ነው። እዚህ ልጁ አህያዋ የምር አህያ መሆኗን ማመን አለበት። የተላጠው ጀርባዋ ሊያመው ይገባል። ንግግር ካደረገች በኋላ ግን ቁስሏን አያምነውም። ተረት መጻፍ ከፈለጋችሁ ተረት ጻፉ፤ ግሩም ነው። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ስታደባልቋቸው ግን ሁለቱም ይበላሻሉ።

አንዱን እንዲህ ያለ ረቂቅ ለልጆች ጮክ ብዬ አንብቤላቸው ነበር። አህያዋ እህል ተጭና ስትሸሽ ጭጭ ብለው ሰሙ። ንግግሯ ሲጀምር መቁነጥነጥ መጣ። ስጨርስ አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ስታወራ ጭነቱን አላወረዱላትም?» አለችኝ። ጸሐፊው ጭነቱን ረስቶታል። ልጅቷ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አልረሳችውም። ልጅ የሚያዳምጠው እንዲህ ነው፤ ጭነቱን፣ ገመዱን፣ ጥማቱን እየተከታተለ።

ታዲያ ጦርነቱ በምን ይግባ? አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። አህያዋ የምትኖረው ጠላ ጠምቀው ከሚሸጡ እማማ ቤት ነው እንበል። ጠላው ባለቀ ቁጥር አተላው ይቀርብላታል። ሽታውን ከሩቅ ታውቀዋለች፤ የእማማንም ኮቴ ታውቀዋለች። አንድ ሳምንት ጌሾ የሚያመጣው መኪና መንገድ ተዘጋበት። ቀጥሎ ጠጪው ጠፋ። እማማ ጋኑን አጥበው ደፉት። አህያዋ በለመደችው ሰዓት ሄዳ ደረቁን ገንዳ ትልሳለች። እማማ በር ላይ ቆመው ያዩዋታል። ትንሽ ጭድ ያመጡላታል፤ እሱንም ከፍራሻቸው ውስጥ አውጥተው ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ ጦርነት የሚል ቃል የለም። ልጁ ግን ገብቶታል፤ እሱም ቤት የለመደው አንድ ነገር ቀርቷልና።

እንስሳው በራሱ አንደበት ይተርክ ካላችሁም ይቻላል። «እኔ» ይበል። መተረክ ይችላል፣ መተንተን ግን አይችልም። ወታደር ሲመጣ የሚያየው ጫማ ነው፤ የሚሸተው ላብ፣ ጭስና ብረት ነው። የማን ወታደር እንደሆነ አያውቅም።

የመሣሪያ ስም መደርደር

ፍየሏ ክላሽን ከዲሽቃ ለይታ የምትናገርበት ረቂቅ ደርሶኛል። ወንዶቹ ልጆች ወዲያው ይነቃቃሉ፣ ከዚያ በኋላ ግን የሚያወሩት ስለ ፍየሏ ሳይሆን ስለ መሣሪያው ነው። ድምፁን በእንስሳው አሳዩ። ውሻ ሰው ሳይሰማ ሰምቶ አልጋ ሥር ይገባል። ሐይቁ ላይ ያሉት ወፎች ባንድ ጊዜ ይነሣሉ፣ ይዞራሉ፣ ተመልሰው ያርፋሉ። ውሻው ግን አይወጣም።

ጠላትን በብሔር ስም መጥራት

አታድርጉት። አንባቢያችሁ ክፍል ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ በዚያ ስም የሚጠራ ሊሆን ይችላል። አህያዋ ብሔር አታውቅም፤ የምትለየው ዱላ የያዘ እጅንና ውሃ የያዘ እጅን ነው። በቅርቡ ስላለፍንበትና አሁንም ስላለንበት ጊዜ የምትጽፉ ከሆነ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። ስለ ወረራው ዘመን ከሆነ ጣሊያንን ጣሊያን ማለት ታሪክ ነው፤ እሱን አልከለክልም። እንዲያም ሆኖ በቅሎዋ ፋሺዝም ምን እንደሆነ አታብራራ።

ዘመን ማደባለቅ

ብዙዎች ለጥንቃቄ ሲሉ ታሪኩን ወደ ጣሊያን ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ወዳለው ጊዜ ይወስዱታል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን በ1929 ዓ.ም. የምትጓዝ በቅሎ እግሯ እምቦጭ ውስጥ ሲጠላለፍ አንብቤያለሁ። እምቦጭ ጣና ላይ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቢጫ የፕላስቲክ ጄሪካንም ነበረበት። ሌላው ጸሐፊ በቅሎዋን ሰፊው የዓባይ ድልድይ ላይ አሻገራት፤ 380 ሜትር የሚረዝመው ያ ድልድይ የተመረቀው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። ከጎጃም ወደ ቤጌምድር የምትሻገር በቅሎ ካለቻችሁ ጢስ ዓባይ አጠገብ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ አለ። ሄዳችሁ እዩት፣ ርገጡት፣ ወደ ታች ተመልከቱ። በቅሎ እዚያ ላይ ለምን እንደምታመነታ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል።

በዚህ ዘመን ላይ ከጻፋችሁ የመርዝ ጋዙን አትዝለሉት። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲናገሩ፣ ከአውሮፕላን የሚረጨው መርዝ ወታደሩን ብቻ ሳይሆን ሴቱን፣ ሕፃኑን፣ ከብቱን፣ ወንዙንና ግጦሹን ጭምር እንደመታ ገልጸዋል። ከብቱና ግጦሹ በዚያ መድረክ ላይ ተነሥተዋል። ከማይጨው ጦርነት በኋላ ወደ አሸንጌ ሐይቅ በሚያፈገፍገው ሠራዊት ላይም ጋዙ ወርዷል። በዚያ ሠራዊት ውስጥ ጭነት የተሸከሙ በቅሎዎችና አህዮች ነበሩ። ከማይጨው እስከ ጣና ዳር የምትመለስ አንዲት በቅሎ አስቡ። ስንቅ የለም፣ ጌታዋ ቆስሏል፣ ሣሩን ማመን አይቻልም። ለልጅ ቁስሉን በዝርዝር መሳል አያስፈልግም። እየራባት አጎንብሳ አሽትታ፣ ሳትበላ ቀና ካለች በቂ ነው።

መንገዱን በመኪና መስኮት ማየት

ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ግማሽ ቀን አይፈጅም። ጭነት የያዘች አህያ ግን በቀን 25 ኪሎ ሜትር ከሄደች ብዙ ሄደች። ስለዚህ ሳምንት ይፈጅባታል። በዚያ ሳምንት የት ታድራለች? ማን ውሃ ይሰጣታል? ሌሊት ጅብ ሲጮኽ ከማን በረት ትጠጋለች? «ከረጅም ጉዞ በኋላ» ብላችሁ የምትዘሉት ይህንን ነው፤ ልጆች መስማት የሚፈልጉት ደግሞ ይህንኑ ነው።

ወቅቱንም እዩ። በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ የፎገራ ሜዳ ላይ ውሃ ይተኛል። በነሐሴ አህያችሁ እዚያ ላይ አቧራ እያስነሣች አትሮጥም። ከአውሮፓ የሚመጣ ነጭ ሽመላ ከመረጣችሁም የሚመጣው ክረምታችን ሲወጣ ነውና ሐምሌ ላይ ጣና ዳር አታቁሙት።

ታንኳ ሌላው ጣጣ ነው። አህያዋ ታንኳ ላይ ወጥታ ደቅ ደሴት ገባች ይሉኛል። ታንኳ የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል አስረው የሚሠሩት ነው። ደንገሉ ውሃ ስለሚመጥ በየጊዜው ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ቀዛፊው ራሱ ሚዛኑን ጠብቆ ነው የሚቀመጠው። አህያ ትጫንበት ካላችሁ እግሯን ማን እንዳሰረ፣ አንገቷን ማን እንደያዘ፣ ስትደነግጥ ምን እንደሆነ ጻፉ። ታንኳ የሚሠሩት ሰዎች እዚሁ ከተማችን ውስጥ አሉ። ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ ይነግሯችኋል።

ከፊልም የመጣ ስም

በቅሎዋ «ስታር»፣ ውሻው «ማክስ»። ለምን? ዳማ፣ ቦራ፣ ጉራች፣ መጋላ እያልን በመልካቸው ስንጠራቸው ኖረናል። ፈረስ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይደምቃል፤ ጀግኖቻችን የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር። ሰው ሁሉ ጌታውን በእሱ ስም ሲጠራው ፈረሱ ምን ይመስለዋል? የጠሩት እሱን መስሎት ቀና ይላል? ይህን ይዞ የተጻፈ ረቂቅ እስካሁን አልደረሰኝም። ብትጽፉት በደስታ አነባለሁ።

እንስሳውን አርበኛ ማድረግ

ውሻው ከተማ አያድንም። ቡችሎቹን በአፉ ይዞ አስፋልት ካሻገረ ታላቅ ነገር ሠርቷል።

ለማስለቀስ መግደል፣ ላለማስለቀስ መዋሸት

አንዳንዶች ልጅ ካላለቀሰ ታሪኩ አልነካውም ብለው ያስባሉ። ስለዚህ እንስሳው መጨረሻ ገጽ ላይ ይሞታል፣ መጽሐፉም ይዘጋል። እናት ወይም አባት ማታ ሲያነቡለት ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ምን ይዞ ይተኛል? ሞት ካለ መሐል ላይ ይሁን። ከሞቱ በኋላ ሌሎቹ ሲቀመጡ፣ ሲራቡ፣ ተነሥተው ሲሄዱ የሚያሳዩ ገጾች ይኑሩ። ልጁ የሚተርፈውን ሰው ማየት አለበት።

ሌሎች ደግሞ ማንንም ሳያጎድሉ፣ ምንም ሳይነኩ ሁሉንም ወደ ቤት ይመልሳሉ። ቤቱ እንደነበረ ነው፣ በሩ እንኳ አልተሰበረም። የምር የተፈናቀለ ልጅ ይህን ሲያነብ የሚሰማው አንድ ነገር ነው፦ ውሸት። አህያዋ ትመለስ፣ እማማም ይኑሩ። ግን ጋኑ ተሰብሮ ይቆያት። ገንዳውን ሌላ ሰው ወስዶት ይሁን። እማማ አዲስ ገንዳ ከየት ያመጣሉ? ልጆቹ ይህን ይጠይቃሉ፤ መልሱን ቀድማችሁ አዘጋጁ።

ሥዕሉን አለማየት

ጽሑፉ ተስተካክሎ ሲያበቃ ሥዕሉ ያበላሸዋል። ቀይ የእንጨት ጎተራ፣ የፈረንጅ ጥድ፣ ሸራ ያለው ጀልባ ይመጣል። ጣና በሐምሌ ሰማያዊ ሆኖ ይሳላል፤ ወንዞቹ ደለል ይዘው ሲገቡበት ቡናማ መሆኑን ዳር ላይ የቆመ ሁሉ ያውቃል። አህያዋ ላይ የፈረስ ኮርቻ ተጭኖ አይቻለሁ። ገበያ ቀን ወጥታችሁ ጆንያው ጀርባዋ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ገመዱ በሆዷ ሥር በየት እንደሚያልፍ ፎቶ አንሡና ለሠዓሊው ላኩለት። ሥዕሉ ሲመለስ ደግሞ ከማሳተማችሁ በፊት አህያ ጭኖ የሚያውቅ ሰው ይየው።