ጂኦግራፊ ለምትማሩ የድሬዳዋ ልጆች፦ የደቻቱን ወንዝ በእግር ተሻገሩ

የከተማና የክልል ጂኦግራፊ የምትማሩ፣ አቦ ሃንዳውት ብቻ ይዛችሁ አትቀመጡ! እኔ ከተሞች በአንድ አካባቢ እንዴት እንደሚደራጁ የሚያሳየውን የክሪስታለርን ባለ ስድስት ማዕዘን ሥዕል ሸምድጄ ፈተና ገብቼ፣ "ከአካባቢህ ምሳሌ ስጥ" ሲለኝ ደርቄ ቀረሁ።

አንድ ቅዳሜ ሙቀቱ ሳይበረታ ደብተርና እርሳስ ያዙና ከዚራ ሰፈር ከድሮው ባቡር ጣቢያ ተነሱ። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ሰፊ፣ ዛፍ የተተከለበት ነው፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ሐዲዱ እዚህ ሲደርስ በፕላን የተቀየሰ ሰፈር ነዋ። ከዚያ ደቻቱን ተሻግራችሁ መጋላ ሰፈር ስትገቡ መንገዱ ይጠባል፣ ይጠማዘዛል፣ ሱቅ ከሱቅ ይጣበቃል። ሁለቱንም በእጃችሁ ንድፍ ካርታ ሳሉ። ቢያስቅም ግድ የለም፣ የኔ የፈሰሰ ፓስታ ነበር የሚመስለው።

ወንዙ ጋ ቆም በሉ። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል። የመሬት አጠቃቀም የሚለው ምዕራፍ ያኔ ነው የሚገባችሁ።

የትኛው ምርት ከገበያው በምን ያህል ርቀት እንደሚመረት የሚያሳየው የቮን ቱነን ሞዴል ላይ ደግሞ ጫትን አስቡ። ቶሎ የሚበላሽ ምርት ገበያው አጠገብ ይመረታል ይላል ሞዴሉ፤ የአወዳይ ጫት ግን በፍጥነት ስለሚጓዝ ሳይጠወልግ ድንበር ይሻገራል። ርቀቱን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ለኩትና ሞዴሉን እንደገና ሳሉት፤ ለፈተና መልስ አሪፍ ነው።

ማታ ኪውጂአይኤስ (QGIS) የሚባለውን የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር አውርዱ፣ ነፃ ነው። ንድፋችሁን ማንም ሰው ሊያርመው ከሚችለው የኢንተርኔት ካርታ ከኦፕንስትሪትማፕ (OpenStreetMap) ጋር አስተያዩት፤ የጎደለ መንገድ ካገኛችሁ ራሳችሁ ጨምሩበት።