ለሙያ ክህሎት ውድድር ተዘጋጅቶ ሥራ ማግኛ ማድረግ እንዴት ይቻላል?

ደሴ በወይዘሮ ስሂን ወይም ኮምቦልቻ በፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የሚማሩ ከሆነ፣ የክህሎት ውድድር ማስታወቂያ ሲለጠፍ አይለፉት። ውድድሩ ከኮሌጅ ተነሥቶ በክልል በኩል እስከ አገር አቀፍ ይዘልቃል። የሚሸለሙት ጥቂቶች ናቸው፤ ዝግጅቱ ግን ለሁሉም ይተርፋል። ቀጣሪም የሚፈልገው የሥራ ሥዕል (ልኩንና ቅርጹን የሚያሳየውን ንድፍ) አንብቦ፣ በልኩና በሰዓቱ ሠርቶ የሚያስረክብ ሰው ነው። ቴክኒክና ሙያን «ውጤት ያልመጣለት የሚገባበት» የሚሉትን ስሰማ ያመኛል፤ የተወዳዳሪን እጅ ቀርበው ቢያዩ እንዲህ ባላሉ ነበር።

በመጀመሪያ ያለፈውን ውድድር ጥያቄና የነጥብ አሰጣጡን ከአሠልጣኝዎ ይጠይቁ። ለልክ፣ ለጥራት፣ ለደህንነትና ለሰዓት ስንት ስንት እንደተመደበ ሳያውቁ መለማመድ ከንቱ ድካም ነው።

ቀጥሎ ልምምዱ። ብየዳን እንውሰድ። ብዙ ተማሪ ኤሌክትሮድ (እየቀለጠ የሚበይደውን ዘንግ) ጨብጦ ለመጀመር ይቸኩላል፤ ሥራው የሚበላሸው ግን ከዚያ በፊት ነው። ዝገትና ቀለም ያልጸዳለት ጠርዝ ወይም እርጥበት የነካው ኤሌክትሮድ በብየዳው ውስጥ የአየር ቀዳዳ ይተዋል። ስለዚህ ጠርዙን ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በግራይንደር ያጽዱ። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ክፍተት በሁለቱም ጫፍ ይለኩ። ነካ ነካ አድርገው ካያያዟቸው በኋላ አለመጣመማቸውን ያረጋግጡ። ሁለተኛውን መስመር ከመደረብዎ በፊት በመጀመሪያው ላይ የጋገረውን ቅርፊት (ስላግ) አራግፈው በሽቦ ብሩሽ ይጥረጉ። ይህን የዘለለ ሰው ቅርፊቱን ውስጥ ይቀብረዋል፤ ብረቱ ለፍተሻ ሲታጠፍም ከዚያው ሊሰነጠቅ ይችላል።

እጅዎ ሲፍታታ ሰዓት ይዘው፣ ሰው አጠገብዎ ቆሞ እያየ ይሥሩ። ብቻውን ሲሠራ የማይሳሳት፣ ዳኛ ሲቆምበት እጁ ይንቀጠቀጣል። ልብስ ስፌትም ሆነ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ በዚህ አይለይም።

ውድድሩ ሲያልቅ የሠሩትን ከነሥዕሉ ፎቶ ያንሡ፤ ከተፈቀደም የነጥብዎን ወረቀት ቅጂ ይውሰዱ። የውድድር ምስክር ወረቀት የብቃት ምዘናን አይተካምና ሲኦሲ የሚባለውን የምዘና ፈተናም ይፈተኑ።

ከዚያ ማስረጃዎን ይዘው ወደ ቀጣሪ ይሂዱ። በኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አለ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። ትንንሽ የብረታ ብረትና የእንጨት ወርክሾፖችንም አይናቁ፤ የሚቀጥሩት ባለቤቶቹ ራሳቸው ስለሆኑ ሥራዎን አይተው ወዲያው ሊወስኑ ይችላሉ። ማመልከቻዎ ላይ «ተወዳድሬአለሁ» ብለው አያቁሙ፤ ምን እንደሠሩ፣ በምን ያህል ጊዜ እንደጨረሱ፣ ስንት ነጥብ እንዳገኙ ይጻፉ። ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩም ሠርተው ማሳየት እንደሚፈልጉ ይናገሩ፤ የሥራ ልብስዎንና የደህንነት መነጽርዎን ይዘው ይሂዱ።