አዲስ ተጋቢዎች ወደ ውጭ ስትሄዱ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁን ያዙ

ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ ወይም ከአንኮበር ተነሥታችሁ ጣሊያን የሚኖሩ አክስትና አጎቶቻችሁን ለመተዋወቅ፣ እግረ መንገዳችሁንም ሮምን ለመጎብኘት የምታስቡ ሙሽሮች፣ በአገራችን ሚስት የአባቷን ስም ስለማትለውጥ ፓስፖርታችሁ ብቻውን ባልና ሚስት መሆናችሁን እንደማያሳይ አስቀድማችሁ አስቡበት። ስለዚህ በተክሊል የተጋባችሁ ብትሆኑም ጋብቻችሁን በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ፤ ምስክር ወረቀቱንም አስተርጉማችሁና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጣችሁ ቅጂውን በእጅ ቦርሳችሁ ያዙ። በትርጉሙ ላይ በተለይ ቀኑን ደጋግማችሁ ተመልከቱ፤ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. የተፈጸመ ሠርግ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 26 ቀን 2025 ነው፣ ዓመቱ ሳይለወጥ ከተጻፈም ሠርጉ ገና ከመጋባታችሁ ብዙ ዓመት በፊት የተፈጸመ ይመስላል።

ጉብኝቱን ዘመድ ከጠየቃችሁ በኋላ አድርጉት፤ ቅር የሚለው ሰው አይኖርም።

ስጦታን በተመለከተ፣ እናቶቻችን ተጨንቀው የሚያሰናዱትን ቅቤና ቋንጣ ከእኛ አገር የሚነሣ መንገደኛ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ይዞ መግባት ስለማይፈቀድለት ጉምሩክ ላይ ይቀራል፤ ያን ያህል ድካም በከንቱ ሲጣል ማየት በእውነት ያሳዝናል። በምትኩ ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ ባና ብትወስዱላቸው፣ ከአገር ከወጡ ብዙ ዘመን ለሆናቸው ዘመዶቻችሁ የደጋውን ቤት ያስታውሳቸዋል።