የርዕደ መሬት ትንበያን ሳያዳሉ እንዴት መመዘን ይቻላል?

በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ ምድር ሲናወጥ ንዝረቱ አዳማ ድረስ ይሰማን ነበር። አንድ ቀን በቴሌግራም «ዛሬ ማታ ይመታል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ማታ ረከቦቱ ላይ የተደረደሩት ሲኒዎች ተንኳኩ። አመንኩ። በሳምንቱ ያው ሰው «ዛሬም» ሲል ልጆቼን በጋቢ ጠቅልዬ ግቢ አሳደርኳቸው። ምንም አልመጣም። ትንሿ ብርድ መትቷት ሰነበተች፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ደብተር የያዝኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ትንበያውን ቀኑ ሳይደርስ ስክሪንሾት አንሱት፤ መልእክት በኋላ ሊስተካከል ይችላል። ቦታ፣ ቀንና መጠን ሦስቱም ይኑሩት። «በቅርቡ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ» የሚለውን ዝለሉት።

ውጤቱን ከሰው ወሬ አትውሰዱ። እኔ የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋምን ድረ ገጽ ነው የማየው፤ ነፃ ነው። ሰዓቱ በዓለም አቀፍ አቆጣጠር ከተጻፈ 3 ሰዓት ደምሩና ወደ እኛ ቀይሩት። የዚያን ዓመት የካቲት 7 የደረሰው በመጠን 6.0 የሆነ ርዕደ መሬት እዚያ 20:28 ይላል፤ ለእኛ ከምሽቱ 5:28 ነው። ከ4 በታች የሆኑት ብዙዎቹ ስለማይመዘገቡ «3 ይሆናል» የሚለውን በዚህ መመዘን አይቻልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። «ስንቴ ልክ ሆነ?» ብሎ ያቆማል። ርዕደ መሬት ግን አንዴ ከመጣ ተከታታይ ይኖረዋል። በዚያ ሰሞን «ነገም ይመጣል» ያለ ማንም ሰው ደጋግሞ ልክ ይሆን ነበር።

ስለዚህ በደብተሩ ከተንባዩ ጎን አንድ ተራ ደንብ ጻፉ፦ «ዛሬ 4 እና ከዚያ በላይ ከደረሰ፣ ነገም ይደርሳል።» ሁለቱን በተመሳሳይ ቦታ፣ መጠንና የቀን ብዛት አወዳድሩ። ተንባዩ ከ10 ቀን 6ቱን ቢያገኝ፣ ደንቡ ደግሞ 7ቱን ካገኘ፣ ሰውየው የጨመረልን ነገር የለም። መጠኑንም እዩ፤ 4 የሚደርሱት 5 ከሚደርሱት 10 እጥፍ ያህል ይበዛሉ፤ ትንሹን መገመት ይቀላል።

ተንባዩ ይመጣል ብሎ ያልመጣውንም፣ ሳይል የመጣውንም ቁጠሩ። እኔ ያቺን የግቢ ሌሊት የመዘገብኳት በቀይ እስክሪብቶ ነው።

የአሜሪካው ተቋም ራሱ ትልቅ ርዕደ መሬትን አስቀድሞ የተነበየ ሳይንቲስት እስካሁን የለም ይላል። መልእክት በደረሳችሁ ቁጥር ልጆች ውጪ አታሳድሩ። ከአልጋቸው በላይ የተሰቀለ ከባድ ዕቃ ካለ ግን ዛሬውኑ አውርዱት።