ራም ሲጨመርለት የሚንቀራፈፍ ኮምፒውተርን ሲመረምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮምፒውተር ተንቀራፈፈ ሲባል የብዙ ጀማሪ ቴክኒሻን እጅ የሚሄደው ዊንዶውስ ወዳለበት ፍላሽ ነው። ማሽኑ ፎርማት እየተደረገ ሳለ እንኳ መጫኛው ራሱ የሚያዘግም ከሆነና ሃርድ ዲስኩም ተመርምሮ ጤነኛ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከዊንዶውስ በታች፣ ማለትም ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ለሚሞሪ፣ ማለትም ለራሙ፣ ባወጣው ድልድል ውስጥ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ይገባል። እንዲህ ያለውን ችግር ፎርማት ደጋግሞ ማድረግ አይፈታውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስመርረኝ ግን ኮምፒውተሩ ሲነሳ የተጨመረውን ራም በሙሉ ቆጥሮ ስላሳየ ብቻ «ተቀብሎታል፣ ራሙ ምንም ችግር የለበትም» ብሎ መደምደም ነው። ራሙ መቆጠሩ በካሽ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ አጠገብ ባለው ትንሽና ፈጣን ማከማቻ፣ ለመሸፈኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ባዮሱ ማሽኑ ሲነሳ ከሚያከናውናቸው ሥራዎች አንዱ፣ የትኛው የሚሞሪ ክልል በካሽ በኩል እንደሚነበብና የትኛው እንደማይነበብ ኤምቲአርአር በሚባሉት የፕሮሰሰሩ ሬጂስተሮች ላይ መመዝገብ ነው። የእነዚህ ሬጂስተሮች ቁጥር በብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ 8 ገደማ ብቻ ሲሆን፣ እያንዳንዱ የሚይዘው ክልልም 512 ሜጋባይት፣ 1 ጊጋባይት፣ 2 ጊጋባይት እያለ በእጥፍ ከሚያድጉት መጠኖች አንዱ መሆን አለበት። ከ4 ጊጋባይት በታች ካለው አድራሻ ከፊሉ ለግራፊክስ ካርድና ለሌሎች መሣሪያዎች ስለሚያዝ፣ ቦታውን የተነጠቀው ራም ከ4 ጊጋባይት በላይ ወዳለ አድራሻ ይዛወራል። ባዮሱ ይህን የተዛወረ ክልል ሳይመዘግበው ከቀረ፣ ፕሮሰሰሩ እዚያ የተቀመጠውን ነገር በፈለገ ቁጥር ካሹን ትቶ ራሙ ድረስ ለመሄድ ይገደዳል። ለፕሮሰሰሩ ቅርብ ከሆነው ካሽ ማንበብ 1 ናኖሰከንድ ገደማ ሲፈጅ፣ ከራም ማንበብ ወደ 100 ናኖሰከንድ ይጠጋል።

አንድ ደንበኛ ራሙን ከ2 ወደ 4 ጊጋባይት ያሳደገውን ኮምፒውተር ይዞ መጥቶ ነበር። አዲሱ ራም ሲነቀል ማሽኑ ይፈጥናል፤ ሲሰካ የማውሱ ቀስት እንኳ እየተንገጫገጨ ይሄዳል። ሻጩ ራሙን ቢለውጥለትም ለውጥ አልነበረም፤ ሁለቱም ራሞች በየተራ ለብቻቸው ሲፈተሹ ያለ አንዳች እንከን ያልፋሉ። ማሽኑን በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና ሳስነሳው ፍጥነቱ ተመለሰ፣ ነገር ግን ወደ 1 ጊጋባይት የሚጠጋ ራም ጎድሎ ነበር። የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) በካሽ ያልተሸፈነ ክልል ሲያገኝ ያንን ክልል ከጥቅም ውጭ አድርጎ «የባዮስ ስህተት» የሚል ማስጠንቀቂያ በመነሻ መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። የኤምቲአርአር ዝርዝሩን ስከፍተው ምዝገባው 3072 ሜጋባይት ላይ ያበቃል፤ ከ4096 ሜጋባይት (ከ4 ጊጋባይት) በላይ ስላለው ክልል አንድም መስመር አልነበረም። የማዘርቦርዱ ባዮስ አፕዴት ሲደረግ ችግሩ ተወገደ፤ ያ ሁሉ የራም መለዋወጥ በከንቱ ነበር።

ሊኑክስ በእጁ የሌለ ሰው ኤምኤስኮንፊግ በተባለው የዊንዶውስ የማስነሻ ቅንብር ፕሮግራም ውስጥ፣ በቡት ክፍል የላቁ አማራጮች ላይ፣ ከፍተኛውን የሚሞሪ መጠን 3072 ብሎ ወስኖ ሪስታርት ማድረግ ይችላል። ማሽኑ በዚህ ከፈጠነ ጥርጣሬው ከራሙ ወደ ባዮሱ ይዞራል። እባካችሁ ከሙከራው በኋላ በዚህ ገደብ ላይ ያደረጋችሁትን ምልክት አንሱት! ይህን ገደብ ረስቶት የሄደ ሰው ለሚቀጥለው ቴክኒሻን ትልቅ እንቆቅልሽ ጥሎለት ይሄዳል፤ ታስክ ማናጀሩ ብዙ ራም «ሃርድዌር ሪዘርቭድ» (ለሃርድዌር የተያዘ) ብሎ ያሳያልና ያ ምስኪን ማዘርቦርዱን ሲፈታ ይውላል። በዚሁ ስም የሚታይ ራም ሁሉ ደግሞ የብልሽት ምልክት አይደለም። ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የሚመጣው ግራፊክስ ድርሻውን ይወስዳል፤ ባዮሱ ውስጥ «ሚሞሪ ሪማፕ» የሚለው፣ ራሙን ከ4 ጊጋባይት በላይ የሚያዛውረው ምርጫ ተዘግቶ ሊሆንም ይችላል።

በዝግታ ሁሉ ኤክስኤምፒን (ራሙ በተሸጠበት ሙሉ ፍጥነት እንዲሠራ የሚያደርገውን የባዮስ ምርጫ) አልተከፈተም ብሎ መክሰስም የተለመደ ሆኗል። 3200 ተብሎ የተገዛ ዲዲአር4 ራም ኤክስኤምፒ ካልተከፈተለት በ2133 ወይም በ2400 ሊሠራ እንደሚችል እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ በተራ የቢሮ ሥራ ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም፣ ማውስ የሚያንገጫግጭ ዝግታም ከዚህ አይመጣም። ሲፒዩ-ዚ የተባለው ፕሮግራም 1600 ብሎ ሲያሳይ የሚደነግጡም አሉ፤ ዲዲአር በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ 1600 ማለት ያው 3200 ነው።

ሁለት ሦስት የባዮስ ምርጫዎችን በአንድ ጊዜ መለወጥ የትኛው ለውጥ እንደሠራ እንዳይታወቅ ያደርጋል።

ባዮስ አፕዴት ከማድረግዎ በፊት እያንዳንዱን የባዮስ ገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ አፕዴቱ ብዙውን ጊዜ ሁሉንም ምርጫ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ይመልሳልና። የዲስክ መቆጣጠሪያው ሞድ (ማሽኑ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት ስልት) ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ ከተቀየረ ዊንዶውስ በሰማያዊ ስክሪን ላይ ይቆማል፣ ባለቤቱም አፕዴቱ ማሽኑን ያበላሸው ይመስለዋል፤ ፎቶውን አይቶ ሞዱን ወደ ነበረበት ቢመልሰው ግን ማሽኑ ይነሳል።